ምጣዱ ለማገዶ፣ ፍሪጁ ለፀሐይ

ጥያቄ፦ «ኩዌት 11 ዓመት ሠርቼ ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። እናቴ የምትኖረው ጉራጌ ዞን እዣ ውስጥ፣ ከአገና ወጣ ብሎ ነው። መብራት አልገባም። ቅርብ የሚባለው ምሰሶ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚያው ለመኖር ወስኜ ባለ ቆርቆሮ ቤት እያሠራሁ ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው ገና ነው። አንድ ሻጭ ባለ 5 ኪሎ ዋት ሶላር ካስገጠምሽ ምጣዱንም ፍሪጁንም ፓምፑንም ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የማንንም እጅ አታዪም አለኝ። ካጠራቀምኩት ብር ግማሹ በዚህ ሊያልቅ ነው። እውነቱን ነው ወይ? ውሃውንና ማገዶውንስ እንዴት ላድርግ? 4 ላሞች አሉን። ጓሮ ውስጥም 20 ሜትር ገደማ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ።»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። አንቺ የምልሽ በእህትነት ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ባለ 5 ኪሎ ዋቱን አትግዢ። ፍሪጁን ሶላር ይችላል፣ ፓምፑንም ይችላል። ችግሩ ምጣዱ ላይ ነው። በዚያ አንድ ዕቃ ምክንያት ሦስት እጥፍ ልትከፍዪ ነው፣ ከፍለሽም ክረምት ላይ እንጀራ አትጋግሪበትም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ መብራት ኖራለች። ጓሮዋ ያለው እንሰት ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ ምግብ ነው። ሲያስፈልግ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮም ወራት አልፎ ይቆያል። የላሞቹ እበት እንሰቱን ያዳብራል። እንሰቱ ሰውንም ከብትንም ይመግባል። ይህ በደንብ የተሠራ፣ ራሱን የቻለ ኑሮ ነው። የጎደለው ብርሃን ነው፣ ቅዝቃዜ ነው፣ ውሃ የመሸከም ድካምና የጭሱ ነገር ነው። ሥራችን የጎደለውን መሙላት እንጂ ያለውን ማፍረስ አይደለም። ብዙ ሰው ከከተማ ወይም ከውጭ ተመልሶ ገጠር ሲገባ የከተማውን ቤት እንዳለ ነቅሎ ሊተክል ይሞክራል። ብሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አትፍሪው፣ ከሱቅ ሒሳብ አይከብድም።

በኤሌክትሪክ ዓለም ብርሃንና ድምፅ ርካሽ ናቸው። ሙቀት ግን ውድ ነው። አንድ የኤልኢዲ አምፖል 7 ዋት ይበላል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይበላል። ማለትም አንድ ምጣድ የ500 አምፖሎችን ያህል ይስባል። 30 እንጀራ ለመጋገር ማጋሉን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ይህ ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቀጥሎ እንደማሳይሽ ቤትሽ በቀን የሚያስፈልገው 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስትጋግሪ የስድስት ቀን መብራትሽን በላሽ ማለት ነው።

ሻጩ «5 ኪሎ ዋት» ሲልሽ «የምኑ?» ብለሽ ጠይቂው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የኢንቨርተሩ ነው። ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ቴሌቪዥን ወደሚቀበለው 220 ቮልት የሚቀይር ሳጥን ነው። 5 ኪሎ ዋት ማለት በአንድ ጊዜ ያን ያህል ማሳለፍ ይችላል ማለት ነው። የጎተራው በር ስፋት እንጂ ጎተራው ውስጥ ያለው እህል አይደለም። እህሉ ባትሪው ነው። እህሉን የሚያመጣው ማሳ ደግሞ ፓኔሉ ነው። ሰፊ በር ያለው ባዶ ጎተራ ተሸጦላቸው ያዘኑ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

የቤትሽን ፍጆታ እንዲህ አሰብኩት። 8 አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ በአማካይ 4 ሰዓት ቢበሩ 224 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር 60 ዋት ቢበላና 4 ሰዓት ቢታይ 240። አራት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 60። ለሬዲዮና ለትንንሽ ነገሮች 80 ልያዝልሽ። ፍሪጁ በቀጥታ በ24 ቮልት የሚሠራ፣ 100 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ሊትር የሚይዝ ቢሆን፣ በእናንተ ደጋ አየር 450 ገደማ ይበቃዋል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው 50 ጨምሪ። ድምሩ 1,100 ዋት ሰዓት፣ ወይም 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት።

ፍሪጁን ለምን ባለ 24 ቮልት አልኩሽ? ሰው የማያስተውለው ነገር ስላለ ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበትም ይበላል። ትልቁ ባለ 5 ኪሎ ዋት ሳጥን ዝም ብሎ በርቶ ብቻ 50 ዋት ሊወስድ ይችላል። በ24 ሰዓት 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ከቤትሽ ጠቅላላ ፍጆታ ይበልጣል! ተራ ባለ 220 ቮልት ፍሪጅ ከገዛሽ ደግሞ ኢንቨርተሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ማደር አለበት። ፍሪጁና አምፖሎቹ ግን በቀጥታ ከባትሪው ከሠሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ኢንቨርተሩንም ትዘጊዋለሽ። ባለ 24 ቮልቱ ፍሪጅ ዋጋው ወደድ ይላል። ከባትሪና ከፓኔል የሚያድንልሽ ግን ይበልጣል። ስለዚህ 1,500 ዋት የሚችል ትንሽ ኢንቨርተር ይበቃሻል። «ፒዩር ሳይን» የሚባለውን ዓይነት ምረጪ። ርካሹ ዓይነት ሞተር ያለበትን ዕቃ ያሞቃል፣ ቶሎም ይገድለዋል።

ቀጥሎ ፀሐዩ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት አርሲ ውስጥ ላለ አንድ ቤተሰብ በጥር ገጠምኩ። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር። በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ (ፓኔሉ የተጻፈበትን ዋት ሙሉ የሚሰጥበት ፀሐይ) ብዬ አሰላሁ፣ ለጥርም ትክክል ነበር። ሐምሌ ሲገባ ስልክ ተደወለልኝ። ፍሪጁ ጠፍቷል፣ ውስጡ የነበረው የልጅ መድኃኒት ተበላሽቷል። ያንን ቀን አልረሳውም። ፓኔል ጨምሬ አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በጥር ፀሐይ አስልቼ አላውቅም። የማሰላው በነሐሴ ነው።

በደጋው አገር ነሐሴ ላይ ደመናው በጠናበት ቀን የምታገኚው ከሙሉ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህሉን ቢሆን ነው። 1,100 ዋት ሰዓት ለመጠቀም በሽቦው፣ በባትሪው፣ በሙቀትና በአቧራ የሚባክነውን ጨምረሽ 1,600 ገደማ ማምረት አለብሽ። ለሁለት ሲካፈል 800 ዋት ፓኔል ነው። እኔ ሁለት ባለ 450 ዋት ፓኔል፣ ማለትም 900 ዋት እልሻለሁ። በነሐሴ ትበቃሻለች። በጥር ደግሞ የምትፈልጊውን ሦስት እጥፍ ትሰጥሻለች። ያ ትርፍ ችግር አይደለም። ልብስ መተኮስ ካለብሽ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ተኩሺ። 1,000 ዋት የማያልፍ ካውያ ከሆነ ይችላል። ማታ ግን አይነካም።

በሻጩ ሐሳብ ቢሆንስ? 5 ኪሎ ዋት ሙሉ ፓኔል እንኳ ቢገጥምልሽ በዚያ የነሐሴ ቀን የምታገኚው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ጋገርሽ፣ አለቀ። ማታ ጨለማ።

ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙሪው፣ 10 ዲግሪ ብቻ አጋድሚው። በኢንተርኔት የምታያቸው ቪዲዮዎች 35 ዲግሪ ሊሉሽ ይችላሉ። እነሱ የሚያወሩት ለአውሮፓ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። እንዲያውም ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ በጣም ካጋደምሽው በክረምት፣ ፀሐይ በቸገረሽ ወቅት፣ ጀርባሽን ሰጠሻት ማለት ነው። 10 ዲግሪዋ ያስፈለገችው ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ ነው።

ጥላውን ደግሞ ልብ በይ። የእንሰት ቅጠል ትልቅ ነው፣ በየዓመቱም ያድጋል። የአንድ ቅጠል ጥላ የፓኔሉን ጥግ ቢሸፍን የሚቀንሰው ያንን ጥግ ብቻ እንዳይመስልሽ። የፓኔሉ ክፍሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ከዚያ በላይ ይጎትታል። ባሕር ዛፍ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ በኩል ካለ ጠዋትና ማታ ይወስድብሻል። ጀፎረው፣ ሣር የለበሰው ሰፊው የመንደር መንገድ፣ ፊት ለፊት ክፍት ስለሆነ እዚያ ፍሬም ማቆም ያምርሽ ይሆናል። ጀፎረ ግን የጋራ ነው፣ አይነካም። ቆርቆሮው ላይ ይውጣ፣ ከቆርቆሮው አንድ ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ። ፓኔል ሲሞቅ ምርቱ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ በዚህ በኩል ይጠቅምሻል።

ባትሪውን በተመለከተ ሊቲየም ግዢ፣ «ሊቲየም አይረን ፎስፌት» የሚባለውን ዓይነት። 25.6 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። ይህ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ 2 ያህሉን በሰላም ትጠቀሚበታለሽ። ፀሐይ ጨርሶ ባይወጣ እንኳ ሁለት ቀን ሊሆን ትንሽ የቀረው ያቆይሻል። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ቢሉሽ አትስሚ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። በየሌሊቱ እየተሟጠጠ መኖር አይችልም፣ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ጄል የሚባሉት የሶላር ባትሪዎች ይሻላሉ። ግን ዕድሜያቸው እንዲረዝም ከያዙት ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሚው። ስለዚህ እጥፍ መግዛት አለብሽ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም መቀየር። ሊቲየሙ በአግባቡ ከተያዘ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፣ ይራገፋል።

በፓኔሎቹና በባትሪው መካከል የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር ይገባል። «ኤምፒፒቲ» የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ 40 አምፒር፣ 150 ቮልት የሚችል። ሁለቱ ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ 100 ቮልት ሊደርሱ ይችላሉ፣ በብርዳማ ጠዋት ደግሞ ከዚያ ይወጣል። ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር ከገጠሙልሽ አንድ ቀን ጠዋት ይቃጠላል።

ገበያ ስትወጪ ሜትርና ሚዛን ያዢ። የምሬን ነው። ዛሬ ያለው ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር የሚያወጣው ከ200 ዋት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ እውነተኛ ባለ 450 ዋት ፓኔል 2 ካሬ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፓኔል ላይ «450 ዋት» ተጽፎ ካየሽ ወረቀቱ ይዋሻል። ጥለሽ ውጪ። የነገርኩሽ ሊቲየም ባትሪም ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 9 ኪሎ የሆነ ሳጥን ከሰጡሽ ውስጡ የሚባለው የለም። ያገለገለ ባትሪ በምንም ዋጋ አትግዢ። የኩዌት ላብሽ ነው፣ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

አገጣጠሙን የሚሠራው ባለሙያ ይሁን። ግን አጠገቡ ቆመሽ ጥቂት ነገር እይ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ሳይርቅ ፊውዝ መኖር አለበት። ወደ ኢንቨርተሩ ለሚሄደው 80 አምፒር፣ ሽቦው ደግሞ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ። በዝቅተኛ ቮልት ብዙ አምፒር ስለሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ከፓኔሉ የሚመጣው መስመር ላይ የሚገባው ብሬከር ለዲሲ፣ ማለትም ከፓኔልና ከባትሪ ለሚወጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ የተሠራ ይሁን። የተራ ቤት ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ማጥፋት ያቅተዋል፣ ከውስጥ ይቀልጣል። የእናንተ አገር መብረቅ ይበዛበታል። የፓኔሉ ፍሬም በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይታሰር፣ መብረቅ መከላከያም ይግባ። ይህ ወጪ ትርፍ መስሎ ይታያል። አይደለም።

ዕቃዎቹ የት ይቀመጡ? ማድ ቤት አጠገብ አይሁን። ጥላሸት ሁሉ ቦታ ይገባል። ላሞቹ ከሚያድሩበት ክፍልም ይራቅ። ከሽንታቸው የሚወጣው አየር መዳብን ይበላል። ኢንቨርተሩ «ተበላሸ» ተብዬ ተጠርቼ ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው አረንጓዴ የሆነ የሽቦ ጫፍ ነው። ሽቦው ሁሉ በቱቦ ይግባ፣ አይጥ ሽቦ ትወዳለች።

ወደ ማገዶው ልመለስ። ምጣዱ ከባትሪው ይውጣ ስልሽ እናትሽ ጭስ ውስጥ ትቅር ማለቴ አይደለም። ይህ ነገር ያሳስበኛል። የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳው ሦስት ጉልቻ ነው። መጀመሪያ ምርጥ ምድጃ አሠሪ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከገለባ ድንጋይ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከበው ነው። እሳቱን ስለሚሰበስብ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። ለእንጀራም ለቆጮም ይሆናል። ከጀርባው የጭስ መውጫ አስወጪለት፣ ማድ ቤቱንም ከላይ ክፈችው። ባሕር ዛፍ አላችሁ፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ይበቃል። እንጨቱ ደርቆ ይግባ። እርጥብ እንጨት ጭስ ነው፣ ሙቀት አይደለም።

ወጥና ቡና ደግሞ በባዮጋዝ ይሁን። 4 ላሞች አሉኝ ስትዪ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ሌሊት ጋጥ ከሚያድሩ አራት ላሞች በቀን 30 ኪሎ ያህል እበት ብትሰበስቢ፣ በእኩል ውሃ በጥብጠሽ ብትጨምሪው፣ 1,200 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣል። አንድ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይበላል። ስለዚህ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት ታበስያለሽ። በብርድ ወራት ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ጋዙን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሙቀት ይወዳሉ። ባለ 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ለእናንተ ልክ ነው። ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ይቆፈር፣ ለጋጡም ቅርብ ይሁን።

እናትሽ «እበቱ ለእንሰቱ ነው» ብላ ልትከለክል ትችላለች። ልክ ናት፣ ግን የሚያስከለክል ነገር የለም። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚፈሰው ዝቃጭ ማዳበሪያነቱ አይጠፋም። እንዲያውም ለተክሉ የሚቀርበው በቀለለ መልክ ነው። በቦይ ወደ እንሰቱ ይውረድ። እበቱ መጀመሪያ ወጥ ይሠራል፣ ከዚያ እንሰት ያበቅላል።

ባዮጋዝ ተሠርቶ ቆሞ የቀረባቸው ቤቶች አይቻለሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። ላሞቹ ይሸጣሉ፣ ወይም ውሃው ይርቃል፣ በየቀኑ የሚበጠብጥ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ከመቆፈርሽ በፊት ወንድምሽን ጠይቂው። በየቀኑ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይሰጣል ወይ? ካልሰጠ አታሠሪው፣ በምርጥ ምድጃው እደሪ።

ውሃ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ፓምፑን ከቤቱ ባትሪ ጋር አታገናኚው። ለብቻው 200 ዋት ፓኔል ያለው፣ በቀጥታ በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ ይግባ። 1,000 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ለማውጣት በስሌት 55 ዋት ሰዓት ይበቃል። የትንንሽ ፓምፖች ብክነት ሲጨመር 200 ያህል ይሆናል። አንድ ጥሩ ፀሐያማ ረፋድ ነው። ውሃው ከፍ ባለ ማማ ላይ ወደተቀመጠ ሮቶ ይውጣ። ሮቶው ባትሪሽ ነው፣ ማታም ደመናም ቢሆን ውሃው በራሱ ይወርዳል። ሽንት ቤቱና ባዮጋዙ ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ፣ የውሃ ጉድጓዱ አፍም በሲሚንቶ ይከደን።

የጣሪያውን ውሃ ደግሞ አትጣዪው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 90 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 72,000 ሊትር ይሆናል። ለመጠጥና ለማብሰያ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ብታስቀምጪ፣ ሦስት ሰው በቀን 75 ሊትር ቢጠቀም ከ130 ቀን በላይ ያቆያል። ክረምቱ አልቆ በልግ እስኪመጣ ሊያደርስሽ ትንሽ ነው የሚቀረው። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የምትጠጡትን አፍልታችሁ ወይም በውሃ ማከሚያ አክማችሁ ጠጡ።

ሳልረሳው፣ መስቀል። መቼም በመስቀል ቤታችሁ ሰው እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ስልኩን ይዞ ነው የሚመጣው። 25 ስልክ በአንድ ሌሊት ከተሰካ 375 ዋት ሰዓት ይበላል፣ የፍሪጁን ድርሻ ሊያህል ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ወሩ ደግሞ መስከረም ነው፣ ደመናው ገና ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀም። ለመስቀል ብለሽ ሲስተሙን አታሳድጊው። ስልክ ሁሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይሰካ። እንግዳ ቢሆንም ይህን ደንብ ሲነግሩት ይቀበላል። ቴሌቪዥኑም በዚያ ሳምንት ይረፍ፣ ጨዋታው ይበቃል።

«መብራት ቢገባስ፣ ገንዘቤ ባከነ?» ትዪ ይሆናል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነው፣ ደስታችን ነው። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እናንተ ደጅ ማድረስ ግን ሁለት ሥራ ነው። በመካከል ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ 4 ኪሎ ሜትር ምሰሶና ሽቦ አለ። መንግሥት ራሱ በ2011 ዓ.ም ባወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ላይ 35 በመቶ ያህሉ ሕዝብ መጀመሪያ ብርሃን የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጪ፣ በሶላርና በመሳሰሉት እንደሆነ አስቀምጧል። ስለዚህ ሶላርሽ የሚያሳፍር ጊዜያዊ ነገር አይደለም። መስመሩ ሲመጣ ምጣዱ ያኔ ይገዛል። ሶላሩ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቤቱን ይይዛል። የቤቱን ውስጥ ሽቦ ግን ከአሁኑ በሁለት መስመር አዘርጊ። አንዱ ባለ 24 ቮልት ለአምፖልና ለፍሪጅ፣ ሌላው ባለ 220 ለሶኬት። ሶኬቶቹ እንዳይምታቱ ዓይነታቸው ይለያይ።

የእንክብካቤው ሥራ ጥቂት ነው፣ ግን የሚሠራው ሰው በስም ይታወቅ። ወንድምሽ ይመስለኛል። ገጣሚው ሲመጣ ከሱ ጋር ይዋል። ቴስተር ግዢለት፣ የባትሪውን ቮልት ማንበብ ይማር። በወር አንዴ ፓኔሉን በንጹሕ ውሃና በጨርቅ ይጥረግ፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። የሽቦ ጫፎችን በየሦስት ወሩ ይፈትሽ፣ የላላውን ያጥብቅ። የእንሰት ቅጠል ወደ ፓኔሉ ከተጠጋ ይቁረጥ። እናትሽም የምታጠፋውና የምታበራው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ በቀለም ይለይላት።

አንቺ ግን ዛሬ ማድረግ ያለብሽ ነገር አለ። ጣሪያው ገና ነው ብለሻል። ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት አናጢውን ጥሪው። የፓኔሉ ፍሬም የሚታሰርበት ቦታ ላይ ወራጁን ያጠናክር፣ ለሽቦው ቱቦ ከጣሪያ እስከ ዕቃ ክፍሉ ያስገባ። አሸንዳውም ሮቶው ወደሚቀመጥበት ጥግ ትንሽ ዘቅዘቅ ብሎ ይሠራ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ሁሉም በስቶ መግባት ነው፣ የበሳሽው ሁሉ ደግሞ በሐምሌ ያፈሳል።